በልስን የተሸፈነ ስሕተት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጋበዝሁት የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ስለ ሆኑ ልጆች አስተዳደግ ነው። የሥነ ልቡና ሊቅ አይደለሁም፤ የአንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አባትና እንደ እናንተው መሐንዲስ ነኝ። ስለዚህ ነገሬን ከምናውቀው ሥራ ልጀምር።

የኮንክሪት ዐምድ ሲሞላ በሚገባ ካልተጠቀጠቀ ክፍተት እንደሚቀርበት ሁላችንም እናውቃለን። ክፍተቱ በጊዜው ከተነገረ ጥገናው ቀላል ነው። ተቈጣጣሪው ከቁጣ በቀር ሌላ የማያውቅ እንደ ሆነ ግን ፎርማኑ ጉድለቱን በልስን ይሸፍነዋል። ዐምዱም ከውጭ ያማረ፣ ከውስጥ የደከመ ሆኖ ይቀራል።

ባለፈው ዓመት ልጄ በሒሳብ ፈተና ከ10 ጥያቄ 4 ብቻ መልሳ ወረቀቱን ከፍራሿ ሥር ደብቃ አገኘሁት። «ለምን ደበቅሽው?» ብላት፣ «አባዬ፣ ትመታኛለህ ብዬ» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ከዚያ በፊት 6 ባገኘች ጊዜ መትቻታለሁና። ለካስ ያስተማርኋት ሒሳብን ሳይሆን ልስንን ኖሯል።

በዚያ ምሽት ወረቀቱን አብረን ተመለከትነው። ከ52 ላይ 27 ሲቀነስ 35 ብላ ነበር፤ ሁልጊዜ ትንሹን አኃዝ ከትልቁ ትቀንሳለችና። ስድስቱም ስሕተቶች ምክንያታቸው አንድ ነበር። የክብሪት እንጨት ዐሥር ዐሥሩን አሥረን፣ እሥሩን እየፈታን ብንቀንስ በሦስት ምሽት ተቃናላት። ዱላዬ ይህን ምክንያት አንድም ቀን አላሳየኝም ነበር።

«ልጅ ካልተመታ ይባልጋል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔም ልጅ መረን ይለቀቅ አላልሁም። ደንብ ይኑር፤ ነገር ግን አስቀድሞ ከነምክንያቱ ይነገር። ውኃ ያፈሰሰ ልጅ ራሱ ይወልውል፤ «ደደብ» ግን አይባል፤ የሚነቀፈው ድርጊቱ እንጂ ልጁ አይደለምና። ስናመሰግንም «ጎበዝ» ብለን ብቻ አንለፍ፤ «መልሱን እንደገና አስልተሽ ማረምሽን አየሁ» እንበል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል፤ ሳያቦካ ያደገ ልጅስ ማቡካትን መቼ ይለምዳል?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከሚፈጸም የአካል ቅጣት ይጠብቃቸዋል። በየቤታችን ግን ዱላውን የምናነሣውም ሆነ የምንጥለው እኛው ወላጆች ነን።

ባለፈው ወር ልጄ 5 ያገኘችበትን ወረቀት ጫማዬን ሳላወልቅ በር ላይ አቀበለችኝ። በነጥቡ አልተደሰትሁም፤ ወረቀቱ በእጇ መምጣቱን ግን ከ10 በላይ ቈጠርሁላት።