ከበሽተኛው አልጋ ላይ ሆኖ ሲታይ



ስለ ሆስፒታል ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰቡት ሐኪሙ፣ ነርሷና መድኃኒቱ ናቸው። ሕንፃው ግን እነዚህን ከፀሐይና ከዝናብ የሚከልል መጠለያ ብቻ ተደርጎ ይቆጠራል። ዛሬ በፊታችሁ ለማስረዳት የምፈልገው ሕንፃው ራሱ የሕክምናው አንድ ክፍል መሆኑን ነው።

ለዚህ አሳብ መነሻ የሆነኝ የራሴ ገጠመኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ በአንድ ሆስፒታል ተኝታ ሳስታምማት፣ ሐኪሙ ውሃ አብዝታ እንድትጠጣ ቢያዝም እርሷ ብርጭቆውን እየመለሰች አስቸገረችኝ። ምክንያቱን ብጠይቃት፣ «ልጄ፣ ብጠጣ ማን ያደርሰኛል?» አለችኝ። መጸዳጃ ቤቱ የሚገኘው በረጅሙ መተላለፊያ መጨረሻ ሲሆን፣ ከበሩ ላይ ሁለት ደረጃ መውረድ ያስፈልግ ነበር፤ በግድግዳው ላይ የሚያዝ መደገፊያ አልነበረም፤ ቧንቧውም በአብዛኛው ደረቅ ነበር። ነርሶቹ ትጉሃን ነበሩ። የሐኪሙን ትእዛዝ ያከሸፈው የእኛ ሙያ ነው።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ሆስፒታሎች ባሳተመችው መጽሐፍ መስኮቶች በክፍሉ ግራና ቀኝ ትይዩ እንዲሆኑ፣ ንጹሕ አየርና ብርሃን እንዲገባ አጥብቃ አሳስባለች። አርክቴክቱ አልቫር አልቶ እ.ኤ.አ. በ1933 በተጠናቀቀው በፊንላንድ በሚገኘው የፓይሚዮ የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል፣ ክፍሉን የነደፈው በጀርባው ለተኛ ሰው ነው፤ መብራቱን ከበሽተኛው ዓይን አራቀ፤ የእጅ መታጠቢያውንም ውሃው ሲወርድ ድምፅ እንዳያሰማ አድርጎ ሠራው። ሮጀር ኡልሪክም እ.ኤ.አ. በ1984 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጣው ጥናት የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች አነጻጽሯል። በመስኮታቸው ዛፍ ይታያቸው የነበሩት 23ቱ የጡብ ግድግዳ ከሚታያቸው 23ቱ ይልቅ ፈጥነው ወጡ፤ የወሰዱትም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ አነስተኛ ነበር። አንድ ጥናት ብቻውን ሁሉን አያረጋግጥም፤ ዳሩ ግን ለመስኮት ቦታ ስንመርጥ ምን እንደምንወስን ያስገነዝበናል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ ሌላ የተዘነጋ ሰው እናገኛለን፤ እርሱም አስታማሚው ነው። በእኛ ዘንድ በሽተኛ ብቻውን አይተኛም። ምግብ የሚያመላልሰው፣ ሌሊት ከአልጋው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ የሚያድረው ቤተሰቡ ነው። ይሁን እንጂ በስንቶቻችን ፕላን ላይ ለአስታማሚ የሚሆን ስፍራ ተመልክቷል?

ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። እኔም በመጀመሪያዎቹ የሥራ ዓመታቴ በነደፍሁት አንድ ጤና ጣቢያ አምፖሉን በቀጥታ ከበሽተኛው ፊት በላይ አድርጌዋለሁ። በወረቀቱ ላይ መስመሩ እጅግ የተስተካከለ ነበር።

የሠለጠነ ሕንፃ የነርሷን መልካም ቃል ሊተካ አይችልም። ነገር ግን ውሃ ፍለጋ ስትመላለስ የምትውል ነርስ መልካም ቃል የምትናገርበት ጊዜ ከየት ታገኛለች?

ስለዚህ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በርክክብ ሰነድ ላይ ፊርማችንን ከማኖራችን በፊት ከመካከላችን አንዱ ከአልጋው ላይ ለሩብ ሰዓት ይተኛ፤ መብራቱን ይመልከት፤ ድምፁን ያዳምጥ፤ ከዚያም ተነሥቶ እንደ ደካማ ሰው ግድግዳውን እየተደገፈ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ይሂድ። ወጪው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። እናቴ ድና ወጥታለች፤ ያ ብርጭቆ ግን ፕላን በዘረጋሁ ቁጥር ከፊቴ ይቀመጣል።