የጀልባ ሞተር ጉልበት ሲያጣ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጀልባ ሞተር ነው። ከጀልባው ኋላ ስለሚታሰረው፣ በቤንዚን ስለሚሠራው ሞተር ማለቴ ነው። ጣና ላይ ሰው የምታመላልሱ፣ ጫሞ ላይ ዓሣ የምታጠምዱ፣ ሞተሩን በደንብ ታውቁታላችሁ።

ከሰዓት በኋላ ነው እንበል። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እየተመለሳችሁ ነው። ጀልባው ላይ ስምንት ሰው አለ። ነፋሱ ተነሥቷል። ድንገት ሞተሩ ይደክማል። አልጠፋም፤ ግን አይገፋም። ምን ታደርጋላችሁ?

ብዙ ሰው የሚያደርገውን ልንገራችሁ። ቤንዚን ይጨምርለታል። ሞተሩ ያጓራል፤ ከዚያ ይጠፋል። ሰውየውም ክዳኑን ከፍቶ መፍታት ይጀምራል። በማዕበል ላይ የተፈታ ብሎን ደግሞ ማረፊያው የሐይቁ ወለል ነው!

እናንተ እንዲህ አታድርጉ። ፍጥነቱን ቀንሱ። የጀልባውን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ አዙሩ፤ ማዕበል በጎን ሲመታ ጀልባ ይገለብጣል። ከዚያ አዳምጡ።

ሞተሩ ከወትሮው በላይ እየጮኸ ጀልባው የማይሄድ ከሆነ፣ ችግሩ ያለው ታች፣ ፕሮፔለሩ ላይ ነው። ፕሮፔለር የምንለው ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባውን የሚገፋውን ነው። መሐሉ ላይ ያለው ጎማ ለቆ ይሆናል። በአንዳንድ ትንንሽ ሞተሮች ደግሞ የሚይዘው ቀጭን ፒን ይሰበራል። ጎማው ከሆነ የለቀቀው፣ ቀስ ብላችሁ ብትነዱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዳር ያደርሳችኋል። ድምፁ ወርዶ ሞተሩ የሚያቃስት ከሆነስ? ፕሮፔለሩ ላይ ሣር ወይም የዓሣ መረብ ተጠምጥሞ እንደሆነ እዩ። ግን ሞተሩን ሳታጠፉ እጃችሁን ወደዚያ አትስደዱ። ጣት አይበቅልም።

ፕሮፔለሩ ንጹሕ ከሆነ ወደ ቤንዚኑ እንምጣ። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንየው፤ ብዙው ችግር ያለው እዚሁ ነውና።

ጀሪካን ስትደፉ ጉልግ ጉልግ እያለ የሚቆራረጠው ለምንድን ነው? ቤንዚን ሲወጣ በቦታው አየር መግባት ስላለበት ነው። የቤንዚን መያዣው ክዳን ላይ ለአየር መግቢያ የምትከፈት ትንሽ ብሎን አለች። እሷ ከተዘጋች ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ይሠራና ይደክማል። እኔ ራሴ አንድ ቀን ሐይቅ መሐል ቆሜ ሁለት ካንዴላ ቀየርኩ፤ ላብ በላብ ሆንኩ። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ፣ «ጋሼ፣ ይቺ ለምን ተዘጋች?» አለኝ። ከፈትኳት። ሄድን። እስከ ዳር ድረስ ቀና ብዬ ልጁን ማየት አልቻልኩም።

ቀጥሎ በቱቦው መሐል ያለችውን የጎማ ኳስ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ። ስትጨምቁ ሞተሩ ነፍስ ከዘራ፣ ቤንዚን በበቂ አይደርሰውም ማለት ነው። ቱቦው ተሰንጥቆ፣ ፊልትሮው ቆሽሾ ወይም የቤንዚን ፓምፑ ደክሞ ይሆናል። ኳሷ ራሷ ተጣብቃ ከቀረች፣ የተዘጋው ነገር ከኳሷ በፊት፣ በመያዣው በኩል ነው።

ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ገብቶ እንደሆነስ? ከመያዣው ሥር ጥቂት ቀድታችሁ በሚያሳይ ጠርሙስ አስቀምጡት። ውሃ ካለው ከታች ይቀመጣል፤ ቤንዚኑ ከላይ ይንሳፈፋል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በዚያ ሰዓት ራቅ ይበል። የተበላሸውንም ቤንዚን ሐይቁ ውስጥ አትድፉ፤ ያንን ውሃ የሚጠጣ ሰው አለ።

የካንዴላው ነገር አጭር ነው። ሁለት ሲሊንደር ባለው ሞተር አንዱ ካንዴላ እሳት ካልሰጠ ጉልበቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል። የጠቆረና የረጠበ ከሆነ ጠርጋችሁ መልሱት፤ ካልሆነ ቀይሩት። ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልለት ሞተር ከሆነ፣ በመመሪያው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 50 ለ 1 ካለ፣ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። በዓይን መገመት አይሆንም።

አሁን ዋናውን አደጋ ልንገራችሁ። ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ ቀጭን ውሃ ይረጫል። ያ ውሃ ሞተሩ እየቀዘቀዘ ለመሆኑ ምልክት ነው። እንቦጭ ጣና ላይ መኖሩ በ2011 እ.ኤ.አ. ከታወቀ ወዲህ፣ ይህን ውሃ ደጋግሞ ማየት የግድ ሆኗል። አረሙ የውሃ መግቢያውን ይደፍናል። ውሃው ከቆመ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። ይቀዝቀዝ። መግቢያውን አጽዱ። መርጫዋንም ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ጎርጎር አድርጉ፤ አንዳንዴ የተዘጋችው እሷ ብቻ ናት። በሞቀ ሞተር ላይ ግን ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፤ ብረቱ ይሰነጠቃል።

«የእኔ ሞተር ከተገዛ ጀምሮ ደካማ ነው» የሚልም አለ። እሱ ምናልባት አልተበላሸም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ ከመቶ 15 እስከ 20 ያህሉን ያጣል። 15 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው 12 ወይም 13 ቢሰጥ ነው። ለዚህ መፍቻ አታንሡ። በአንድ ዙር ጀልባውን ጥቂት ብቻ የሚገፋ ፕሮፔለር ሻጩን ጠይቁት። እስከዚያው፣ ስምንት ሰው ትጭኑ የነበራችሁ ስድስት ጫኑ፤ መቅዘፊያም ጀልባው ውስጥ ይኑር።