ጳጉሜን የማያውቀው ቅጽ

ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደ ሰው የልደት ቀኑን በድረ ገጽ ሊሞላ ሲል የወሮቹ ዝርዝር 12 ላይ ያበቃበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፕሮግራሙን የጻፈው ባለሙያ የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ኮዱ ውስጥ ቸክሎታል።

መፍትሔው ቋንቋን፣ የቀን አቆጣጠርን፣ የገንዘብ ዓይነትንና የሰዓት ክልልን ከኮዱ አውጥቶ በቅንብር ፋይል ማስቀመጥ ነው። ሁሉንም ከባዶ መሰብሰብ አያስፈልግም። የዩኒኮድ ኮንሶርሺየም ሲኤልዲአር የሚባል ነጻ የመረጃ ክምችት አለው፤ አማርኛም የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠርም እዚያ ተመዝግበዋል።

የባሰው ስሕተት ግን አራቱን አንድ ላይ ማሰር ይመስለኛል። አማርኛ የመረጠ ሁሉ አዲስ አበባ አይኖርም። ዋሽንግተን የምትኖር እናት በአማርኛ እያነበበች በዶላር ትከፍላለች። በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተያዘ የቪዲዮ ቀጠሮ እሷ ዘንድ በሐምሌ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በጥር ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። አሜሪካ ሰዓቷን በዓመት ሁለቴ ታዞራለች፤ እኛ አናዞርም።

ስለዚህ ያለፈ ድርጊት ሰዓት ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት ይቀመጥ፤ ወደ አካባቢው የሚለወጠው ለተጠቃሚው ሲታይ ብቻ ነው። ለወደፊት ቀጠሮ ግን የአካባቢው ሰዓት ከነከተማው ስም ይመዝገብ። «ከዩቲሲ 4 ሰዓት ወደኋላ» የሚል ቁጥር ብቻውን አይበቃም። አሜሪካ በ2007 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሰዓት የምታዞርባቸውን ቀናት ስትቀይር፣ በከተማ ስም ለመዘገቡት የሰዓት ክልሎችን ሰንጠረዥ ማደስ በቂ ነበር።