ከአውድማ በኋላ፦ የምዕራብ ሸዋ ግብርናና የከተሞቹ ድርሻ



ግብርና የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ የጀርባ አጥንት ነው ሲባል ያልሰማ ሰው በመካከላችን የለም። አባባሉ እውነት ነው፤ ከአገራችን ሠራተኛ ከግማሽ የሚበልጠው ዛሬም የሚኖረው በእርሻና በከብት ርቢ ነው። ነገር ግን ስለ እርሻ ስንነጋገር ቀልባችን ማሳው ላይ ይቀራል፤ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ዝናብ እንላለን። እህሉ ተወቅቶ አውድማውን ከለቀቀ በኋላ ምን እንደሚገጥመው የምንጠይቀው ከስንት አንዴ ነው። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚሁ ነው። ማስረጃውም ሩቅ አይደለም፤ ከሆለታ እስከ ባኮ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ይገኛል።

በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ተደክሟል። በ1939 ዓ.ም የተከፈተው የአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1958 ዓ.ም ሲቋቋም ሆለታ ዋነኛ ማዕከሉ ነበረች። አምቦ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል አላት። ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,650 ሜትር ላይ የሚገኘው ባኮ ደግሞ የአገሪቱን የበቆሎ ምርምር ሲያስተባብር የኖረ ማዕከል ነው። ቢኤች-140ና ቢኤች-660 የተባሉት ዲቃላ በቆሎዎች በ1980ዎቹ ወጥተው ለብዙ አካባቢ ገበሬ የደረሱት ከዚያ ነው። በአገር ልጅ እጅ ከተሠሩ ሥራዎች ሁሉ እኔ ከፍ አድርጌ ከማያቸው አንዱ ይህ ነው።

እንግዲህ የዚያው በቆሎ ታሪክ ወዴት እንዳመራ እንመልከት። ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው የግብርና ፕሮግራም ከ1985 ዓ.ም ጀምሮ በገበሬው ማሳ ላይ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲጣመሩ ምን ያህል እንደሚያፈሩ አሳየ። መንግሥትም በ1987 ዓ.ም ይህንኑ በአገር አቀፍ ደረጃ ያዘው። ከዚያ በኋላ በ1993 እና በ1994 ዓ.ም መኸሩ ሰመረ፤ በቆሎ ተረፈ። ገበሬው ግን የማዳበሪያ ብድሩን የሚከፍለው እህሉ እንደተሰበሰበ ነበርና ሁሉም በአንድ ወቅት ገበያ ወጣ። ነጋዴው ያን ሁሉ የሚገዛበት ገንዘብም የሚያከማችበት መጋዘንም አልነበረውም። ዋጋው አሽቆለቆለ። የመሰብሰቢያውን ጉልበት እንኳ የማይሸፍን ሆኖ በቆሎው አገዳው ላይ የቀረበት ቦታ ነበር። በማግሥቱ ክረምት ገበሬው ማዳበሪያውንና ምርጥ ዘሩን ቀነሰ፤ በላዩ ድርቅ መጣ፤ በ1995 ዓ.ም ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የእርዳታ እህል ጠባቂ ሆነ።

ዝናቡን የከለከለን ሰው አልነበረም። ዓምና የተረፈውን እህል ለዘንድሮ ማቆየት አለመቻላችን ግን የእኛ የሰዎች ጉድለት ነው።

ያን ዓመት ገበሬው ማዳበሪያ የቀነሰው ባለማወቅ ነው የሚሉ ነበሩ። እኔ በዚህ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1979 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ሁለት ሰዎች ተካፍለዋል። የሴንት ሉሺያው ተወላጅ አርተር ሉዊስ እርሻን ለኢንዱስትሪ የሚሆን ትርፍ ጉልበት የሚቀዳበት ዘርፍ አድርጎ አየው፤ አሜሪካዊው ቴዎዶር ሹልትዝ ደግሞ ደሀ ገበሬ ያለውን በጥንቃቄ የሚያሰላ ሰው መሆኑን አስረዳ። የእኛ ገበሬ ያደረገው ሹልትዝ ያለውን ነው፤ አስልቶ፣ እንደማያዋጣው አይቶ ቀነሰ። ስሌቱን የሚለውጠው ምክር ሳይሆን ዋጋው ነው።

ከበቆሎው ወይና ደጋ ወደ ደጋው ወደ ጀልዱ እንውጣ። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በሺምፐር እጅ ነው። ጀልዱ ዛሬ የዘር ድንች አገር ናት። ሆለታ ካወጣቻቸው እንደ ጃለኔና ጉደኔ ካሉት ዝርያዎች ጋር ገበሬው አንድ ቀላል ነገር ተቀበለ፦ የዘር ድንች ማቆያ ጎጆ። ጣሪያው ሣር ወይም ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳው በርብራብ እንጨት የተሠራ ስለሆነ ብርሃንና ነፋስ ያስገባል። ድንቹ በመደርደሪያው ላይ ስስ ሆኖ ይዘረጋል። ብርሃን ስላገኘ ቆዳው አረንጓዴ ይሆናል፤ ለመብላት ይመራል እንጂ ለዘር ይሻላል። በጨለማ ጎተራ ቢቀመጥ ኖሮ ረጅምና ነጭ ሆኖ የሚሰበረው ጉንቁል እዚህ አጭርና ጠንካራ ሆኖ ይወጣል። ዘሩ ለወራት ይቆያል፤ ባለቤቱም በፈለገው ጊዜ ይሸጣል። ይህ ጎጆ ኤሌክትሪክም ከውጭ የሚገባ ማሽንም አይፈልግም። ያም ሆኖ ለገበሬው የሰጠው ነገር ትልቅ ነው፤ ጊዜ ሰጠው። ለምግብ የሚሆነው ድንች ግን ይህ ዕድል የለውም። ቀዝቃዛ መጋዘን ስለሌለ እንደተቆፈረ በጆንያ ታጭቆ፣ በደላላ ዋጋ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል።

የጊንጪ መረሬ መሬትም አንድ ገበሬ ብቻውን የማይወጣው ችግር አለበት። ክረምት ላይ ውኃ ይቋጥራል፤ ቢቢኤም የተባለው፣ ሁለት ማረሻ ተያይዞ የሚሠራው መሣሪያ መደብ እያወጣ ውኃውን ያንጠፈጥፋል፤ ገበሬውም ስንዴውን ቀደም ብሎ እንዲዘራ ያስችለዋል። ነገር ግን የአንዱ ማሳ ውኃ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ስለሚወርድ ቦዩን በጋራ መቅደድ ያሻል። የሆለታ ወተትም በጾም ገዢው ይሳሳል፤ ቅቤና አይብ አድርጎ የሚያቆይ ከሌለ ኪሳራው የባለ ላሟ ነው።

በአንጻሩ የአምቦን ውኃ ተመልከቱ። ከዘጠና ዓመት በላይ በጠርሙስ እየታሸገ የከተማውን ስም ይዞ አገር ለአገር ይዞራል። ማሸጊያው እዚሁ ስለሆነ ሥራውም ስሙም እዚሁ ይቀራል። የዚሁ አካባቢ ጤፍ፣ ስንዴና ድንች ግን ስም በሌለው ጆንያ ይወጣል፤ መበጠሩም፣ መፈጨቱም፣ መታሸጉም፣ ከዚያ የሚገኘው ደመወዝም ሌላ ከተማ ነው የሚሆነው። አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶ ለእህል ማለፊያ ብቻ ሆነው እስከቀሩ ድረስ እርሻ ለወጣቶቻቸው እንጀራ አይሆንም።

ሕጉ አለ። የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 372/1996 ገበሬ እህሉን በታመነ መጋዘን አስቀምጦ በደረሰኙ እንዲበደር መንገድ ከፍቷል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በ2000 ዓ.ም ግብይት ሲጀምር በበቆሎና በስንዴ ነበር የጀመረው፤ ብዙም ሳይቆይ ግን የውጭ ምንዛሪ የሚያመጡት ቡናና ሰሊጥ ቦታውን ያዙት። ቡናው ይገባዋል። የባኮ በቆሎና የጊንጪ ስንዴ ግን ለሕዝቡ ጉሮሮ ናቸውና ተመሳሳይ ትኩረት ሊነፈጋቸው አይገባም ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። በእነዚህ ከተሞች ቅርንጫፍ የከፈታችሁ ባንኮች፣ ለሕንፃና ለመኪና እንደምታበድሩ ሁሉ በመጋዘን ላለ እህልም አበድሩ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ማዳበሪያ የምታከፋፍሉበትን መጋዘን ከመኸር በኋላ ለአባሎቻችሁ እህል ክፈቱት፤ የብድር መክፈያውም ከታኅሣሥና ከጥር ወዲያ እንዲገፋ ተሟገቱ። ተማሪዎች ሆይ፣ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ብዙ ተጽፏል፤ የመመረቂያ ጥናታችሁን በመጋዘን፣ በወፍጮ፣ በማሸጊያና በወተት ማቆያ ላይ አድርጉት። የጀልዱን ጎጆ ሄዳችሁ እዩ፤ ለምግብ ድንች የሚሆነውን ደግሞ እናንተ ሥሩ። ሥራውንም የሚመጣው መኸር ሳይገባ ጀምሩት።