«ለንግድ» ተብሎ የተመዘገበው ብድር

(በአቦምሳ በማህበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ክፍሉ የቀረበ ንግግር)



እኛ የሒሳብ ክፍሎች እዚህ የምንቆመው ብዙውን ጊዜ የቁጠባና የብድር ቁጥር ልናነብላችሁ ነው። ዛሬም ከመዝገቡ አልራቅንም። ያለፈውን ዓመት ብድር ስናጣራ አንዲት አባላችን ሦስት ጊዜ «ለንግድ» ብላ 11,400 ብር መውሰዷን አየን። ንግዱ ግን የለም። ጠርተን ብንጠይቃት አለቀሰች። ገንዘቡ ያለቀው የአምስት ዓመት ልጇን ይዛ ስትንከራተት ነው። ለሕክምና ብትል ደንባችን እንደማይፈቅድላት ታውቃለች። ይህን የምንነግራችሁ እሷው «ንገሩልኝ» ስላለችን ነው።

ልጁ ስሙ ሲጠራ አይዞርም። ቆርኪ በመስመር ሲደረድር ይውላል፤ የወፍጮ ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። መጀመሪያ ጎረቤት «ወንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም» አላት። ሁለት ዓመት ጠበቀች። ቀጥሎ ዓይነ ጥላ ነው ተባለና ጠበል ወሰደችው። ጤና ተቋም ስትሄድ ጆሮው ይታይ ተብላ ወደ ሌላ ከተማ ተላከች። ይህ እንኳ ትክክል ነው፤ የማይሰማ ልጅም ሲጠራ አይዞርምና መስማቱ መጀመሪያ መረጋገጥ አለበት። ይሰማል ተባለ። ከዚያ በኋላ ያየው ባለሙያ ግን ለጥቂት ደቂቃ ተመልክቶ «አሞላቀሽው» ብሎ መለሳት። እኛ እዚህ ጋ እስክሪብቶ አስቀምጠን ተናደድን።

ኦቲዝም መባሉን የሰማችው በአራተኛው ጉዞ ነው። እሱም «ሊሆን ይችላል» ተብሎ።

ለምን እንዲህ ከባድ ሆነ ብለን ጠየቅን፣ አነበብን። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም ኦቲዝምን በ1943 እ.ኤ.አ. ከጻፈ ወዲህ ይህን ያህል ዓመት ሲያልፍ እስከ ዛሬ ኦቲዝም ነው ብሎ የሚለይ የደም ምርመራም ራጅም የለም። ባለሙያው ልጁን ማየት፣ ከልጁ ጋር መጫወት፣ እናቱን በዝርዝር መጠየቅ አለበት። ይህ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ካርድ ይዞ የተሰለፈው ሕዝብ ውጭ እየጠበቀ ጊዜ ከየት ይመጣል? መመዘኛዎቹም ውጭ አገር የተዘጋጁ፣ ውድና ሥልጠና የሚጠይቁ ናቸው። በጣም ከሚታወቁት አንዱ ልጁ ለአሻንጉሊት የልደት በዓል ሲያከብር የሚታይበት ክፍል አለው። የእኛ ልጆች ስንቶቹ የልደት ሻማ እፍ ብለው ያውቃሉ? ዓይን ለዓይን አያይም የሚለውም ምልክት አለ፤ እኛ ደግሞ ልጅ ትልቅ ሰው ላይ እንዳያፈጥ ነው የምናሳድገው። በዚያ ላይ ይህ ልጅ ቤቱ ኦሮምኛ፣ ሰፈሩ አማርኛ ነው። በየትኛው ተጠይቆ ነው አይገባውም የተባለው?

ሌላው ችግር የእኛው ነው፤ መደበቅ። አዲስ አበባ ውስጥ የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ተጠይቀው በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከመቶ 45 ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። ከመቶ 40ው ምክንያቱ መንፈስ ነው ብለዋል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ግን የራሷን ልጅ አልደበቀችም። በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ ማዕከልን አዲስ አበባ ከፈተች፣ በየመድረኩም ስለ ኦቲዝም ተናገረች። በ2013 ዓ.ም. አረፈች፤ ነፍሷን ይማር። ነህምያ የሚባለውም ማዕከል እዚያው አዲስ አበባ ነው። ከአቦምሳ ለሚነሳ ሰው ግን ትራንስፖርቱ፣ ማደሪያው፣ የቀረው የቀን ገቢ ሁሉ ተደምሮ ነው ብድር የሚሆነው።

እስከዚያው እጃችን ላይ ያለ ነገር አለ። ልጅ አንድ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ በዓመት ተኩል የሚፈልገውን በጣቱ ካላሳየ፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል አጣምሮ ካልተናገረ «ያድጋል» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሩ። እነዚህ ምልክቶች ብቻቸውን ኦቲዝም ነው አያሰኙም፣ ይታይ ግን ያሰኛሉ። ልጁ ቤት ሲጫወትና ሲጮኽ በስልክ ቅረጹት። ሐኪሙ ፊት ላያደርገው ይችላልና ቪዲዮው ይጠቅመዋል።

እህታችን «ስሙን ካወቅሁ በኋላስ ይድናል?» ብላ ጠይቃናለች። የሚያድን መድኃኒት የለም። ምን እንደሆነ ከታወቀ ግን በሥዕልም በምልክትም ፍላጎቱን እንዲገልጽ ማስተማር ይቻላል፤ እሷም አሞላቀሽው ከመባል ታርፋለች።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናቀርባለን። ሦስቱ ብድሮች ከንግድ ወደ ማህበራዊ ፈንድ ይዛወሩ፣ ወለዱም ይነሳላት። ከእንግዲህም ልጅ ለማስመርመር የሚወሰድ ብድር ወለድ አይኑረው፣ አብራ የምትሄድ አንዲት አባልም ትመደብ። ፈንዱ ይችላል ወይ ለምትሉ ደምረነዋል፤ በዓመት ለሦስት ቤተሰብ ይበቃል፣ አራተኛዋ ከመጣች መዋጮው ላይ አምስት አምስት ብር መጨመር ይኖርብናል።

የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ፤ ጸሐፊዋ ትቁጠር።