ሐሳብ ሲነጥፍ፦ ድምፅን ከባዶ ስለመሥራት
(በማኅበሩ ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሙያሽ ውጪ ስለምትሠሪው ነገር ንገሪን» ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በሰመመን ሰጪ ሐኪምነቴ ነው። ሥራዬ ሰው ማስተኛት ነውና ዛሬም እናንተን እንዳላስተኛችሁ እፈራለሁ። ማታ ማታ ግን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ እሠራለሁ። ከዚያም ውስጥ በተለይ የምወደው በሲንተሳይዘር ድምፅ መፍጠር ነው። ዜማ መድረስ ማለቴ አይደለም፤ ዜማው የሚጫወትበትን ድምፅ ራሱን መሥራት ነው። ዛሬ ሁለት ነገር እነግራችኋለሁ፦ ድምፅ ከባዶ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሐሳብ ሲነጥፍ ደግሞ ምን እንደሚደረግ። ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

እኛ አገር ኪቦርድ ያለው መሣሪያ ሁሉ «ኦርጋን» ነው የሚባለው። ሠርግ ላይ ኦርጋን የሚጫወተው ልጅ አንድ ቁልፍ ሲጫን አኮርዲዮን፣ ሌላ ሲጫን ክራር ያወጣል። እነዚያን ድምፆች ሌላ ሰው ሠርቶ አስቀምጦለታል። እኔ የምላችሁ የዚያን «ሌላ ሰው» ሥራ ነው። ሦስት ነገር ብቻ ያዙልኝ።

አንደኛው ምንጩ ነው፤ ኦሲሌተር ይባላል። በሰከንድ የተወሰነ ጊዜ የሚርገበገብ ኤሌክትሪክ ማለት ነው። በሰከንድ 440 ጊዜ ከተርገበገበ፣ ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን የሚቃኙበት «ላ» ይሰማል። እርግብግቢቱ ደግሞ ቅርጽ አላት። ለስላሳ ማዕበል ከሆነች ወደ ዋሽንት የተጠጋ ንጹሕ ድምፅ ትሰጣለች። እንደ መጋዝ ጥርስ ቀስ ብላ ወጥታ ድንገት የምትወድቅ ከሆነች ድምፁ ሻካራና የተሞላ ይሆናል። የማሲንቆ ጭራ የሚያደርገው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ደጋኑ ጭራውን ይዞ ይጎትተዋል፣ ያመልጠዋል፣ እንደገና ይይዘዋል።

ሁለተኛው ፊልተር ነው፣ ማጣሪያ። ሐኪሞች ይህን አንገታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ ነው የምትዞሩት። ላኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 ፓሪስ ውስጥ ወረቀት ጠቅልሎ የታማሚ ደረት ላይ ካዳመጠ ጀምሮ ሥራችን ድምፅ ማጣራት ነው። የስቴቶስኮፑ ሰፊ ገጽ ቀጭኑን ድምፅ ያጎላል፤ ደወል መሳዩ ገጽ ወፍራሙን። ሪውማቲክ የልብ በሽታ ባጠበበው ሚትራል ቫልቭ ውስጥ ደም ሲያልፍ የምትሰማውን ያችን ዝቅ ያለች ጉርምርምታ ስትፈልጉ፣ ደወሉን ለስለስ አድርጋችሁ ነው የምታስቀምጡት። ጫን ካላችሁት ትጠፋለች! ቆዳው ይወጠርና ደወሉ እንደ ሰፊው ገጽ መሥራት ይጀምራል። ጉርምርምታዋ ከልብ ውስጥ የትም አልሄደችም፤ የተለወጠው ማጣሪያው ነው። ሲንተሳይዘር ላይ የፊልተሩን ቁልፍ ሳዞር የማደርገው ይህንኑ ነው። ከሞላው ድምፅ ላይ የማልፈልገውን እያነሳሁ የምፈልገውን አስቀራለሁ።

ሦስተኛው ኢንቨሎፕ ይባላል፤ የድምፁ ዕድሜ ነው። አራት ክፍል አለው፦ መነሻ፣ መውረጃ፣ መቆያ፣ መጥፊያ። ክራር ሲመታ ወዲያው ይነሣል፣ ወዲያው መውረድ ይጀምራል፣ መቆያ የለውም። ማሲንቆ ቀስ ብሎ ይነሣና ደጋኑ እስካለ ድረስ ይቆያል። ጆሮ አንድን ድምፅ የሚለየው በአብዛኛው በመነሻው ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በ1940ዎቹ መጨረሻ የደወልን ድምፅ ቀድቶ መነሻውን ቢቆርጠው፣ የቀረው ደወል መሆኑ ጠፋ።

ከዚህ ወዲያ ያለው ሁሉ አንዱ ክፍል ሌላውን እንዲያዘው ማድረግ ነው። ለዚህም ምሳሌው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ አለ። ሐኪም ላልሆናችሁ፦ በታማሚው ጣት ላይ የምናደርገው ኦክሲሜትር በየልብ ምቱ አንድ «ጢ» ይላል። የደሙ ኦክሲጅን ሲቀንስ የ«ጢ»ዋ ቅላፄ ዝቅ ይላል። ፊቴን ወደ ማሽኑ ሳላዞር፣ ከቀዶ ሐኪሙ ጋር እያወራሁ እንኳ፣ ጆሮዬ ቀድሞ ያውቃል። እንግዲህ ይኼም ሲንተሳይዘር ነው፤ አንድ ኦሲሌተር፣ ቅላፄውን የሚያዘውም የሰው ደም።

አሁን ወደ መንጠፉ ልምጣ። ገበሬው ላሚቱ ወተት ስታቆም «ነጠፈች» ይላል። ሞተች አይልም። ለምን ነጠፈች ብሎ ያያል፤ መኖ አንሷት ነው? ታማ ነው? ወይስ እርጉዝ ሆና ነው? የሙዚቀኛም መንጠፍ ምክንያቱ ብዙ ነውና እኛ ሐኪሞች ዲፈረንሻል እንደምንለው ዘርዝሮ ማየት ይሻላል።

አንዱ ምክንያት የምርጫ ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የያማሃው ዲኤክስ7፣ የስታንፎርዱ ጆን ቻውኒንግ በ1967 ባገኘው ኤፍኤም በሚባል ዘዴ የሚሠራ ነው። 6 ምንጮችን በ32 ዓይነት አገናኝቶ አንዱ ሌላውን እንዲያርገበግበው ያደርጋል። መሣሪያው ድንቅ ነው፤ ግን ድምፅ ለመሥራት እጅግ አስቸጋሪ ስለነበረ ብዙው ሰው አብረውት በመጡት ድምፆች ተጫወተ። የዛሬ ላፕቶፕ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር የተዘጋጀ ድምፅ ይይዛል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ቁጭ ብለህ አንድ በአንድ ስትሰማ 5 ሰዓት ይሆናል፤ አንድ ኖታ ሳትመታ ትተኛለህ። ለዚህ መድኃኒቱ ማጥበብ ነው። አንድ ኦሲሌተር፣ አንድ ፊልተር፣ 20 ደቂቃ። ሰዓቱ ሲያልቅ ያለውን አስቀምጦ መነሣት።

ሁለተኛው የጆሮ ድካም ነው። ቀኑን ሙሉ በማሽን ጩኸት ውስጥ የዋለ ሰው ማታ የሚሠራው ድምፅ ሁሉ ያስጠላዋል። ይህ የችሎታ ጉዳይ አይደለም፤ ዕረፍት ነው የሚፈልገው። አዳር ዲዩቲ በወጣሁበት ቀን መሣሪያ አልነካም።

ሦስተኛው ሠሪውና ዳኛው አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ነው። ድምፁ ገና ሳይወለድ «ይኼማ ተሠርቷል» ይላል ዳኛው። እኔ ቀን ለይቼላቸዋለሁ። ማክሰኞ ድምፅ ብቻ እሠራለሁ፤ ምንም አልሰርዝም። እሑድ ሰምቼ እመርጣለሁ። ብራያን ኢኖና ሠዓሊው ፒተር ሽሚት እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተሟቸው ካርዶች የሚሠሩትም ለዚህ ይመስለኛል። ስትጨነቅ አንድ ካርድ ትመዛለህ፣ አጭር ትእዛዝ ተጽፎበታል፣ ያንን ታደርጋለህ። ለጥቂት ደቂቃ ዳኛው ሥራ ይፈታል።

አራተኛው ሐዘን ነው። ይህን የማውቀው በራሴ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሌሊት፣ ከወሊድ በኋላ ደም የፈሰሳት እናት መጣችልን። ደም ተሰጣት፣ ቀዶ ሕክምናው ተደረገ፣ በክፍሉ የነበረ ሰው ሁሉ ማድረግ የሚቻለውን አደረገ። አልተረፈችም። እንዲህ ያለ ሌሊት እዚህ የተቀመጣችሁ ሐኪሞች ሁሉ አላችሁ፤ ዝርዝሩን አልናገርም። የምናገረው ስለ ድምፁ ነው። ያቺ «ጢ» በየምቱ ዝቅ፣ ዝቅ እያለች ስትወርድ ሰማኋት። ሁላችንም ሰማናት።

ከዚያ በኋላ ቤት ገብቼ ኪቦርዱን ስነካ የሚወጣው ሁሉ እሷ ሆነች። ዜማዬ ወደ ታች ሲወርድ እጄ ይቆማል። ሁለት ዓመት ገደማ አንድ ሥራ አልጨረስኩም። ኮምፒውተሬ ውስጥ ጅምር ላይ የቆሙ 43 ፋይሎች ነበሩ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። እኅቴ «ካልተጫወትሽበት ሽጭው፣ ቦታ ይዟል» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ይዟል።

አንድ ማክሰኞ ከዚያ ድምፅ መሸሹን ትቼ ራሱን ልሥራው ብዬ ተቀመጥኩ። የተዘጋጀ ነገር ሁሉ አጠፋሁ። አንድ ለስላሳ ማዕበል፣ ፈጣን መነሻ፣ አጭር መጥፊያ። ጢ። ለመሥራት 2 ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ ለመስማት ግን 20ውን ደቂቃ ጨረስኩ። ከዚያ የቅላፄውን ቁልፍ ወደ ታች አዞርኩ፣ ወረደች። መልሼ አዞርኩ፣ ወጣች። እዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያን ሌሊት ስትወርድ ማንም መልሶ ሊያወጣት አልቻለም ነበር። አሁን ቁልፉ እጄ ላይ ነበረ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ መነሻዋን ከቅጽበት ወደ ግማሽ ሰከንድ አስረዘምኩት። ስለታም መሆኗ ቀረ። ከዚያ መጥፊያዋን 4 ሰከንድ አደረግኩት፤ አንዷ ሳትጠፋ ሌላዋ ትነሣ ጀመር። ከዚያ ምንጩን ወደ መጋዝ ጥርሱ ለውጬ ፊልተሩን ቀስ ብሎ እንዲከፈትና እንዲዘጋ አደረግኩ፤ እንደ እስትንፋስ ሆነ። በስተመጨረሻ በገናችን ትዝ አለኝ። በገና እንዲነዝር የሚያደርገው በየአውታሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ ነው፤ እንዝራ ይባላል። እንዝራው ሲወጣ አውታሩ ያው ነው፣ ድምፁ ግን ሌላ። እኔም ለድምፄ ትንሽ ንዝረት ጨመርኩለት። በትዝታ ቅኝት 5 ድምፆች ላይ አስቀመጥኩትና 6 ደቂቃ የሚሆን ሥራ ወጣው። በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው የተጨረሰ ሥራ ነው። ዜማው ወደ ታች ይወርዳል፤ እጄ አልቆመም።

ሙዚቃ ሐዘኔን ፈወሰው አልላችሁም፤ ሐኪም ሆኜ ያልመረመርኩትን ፈውስ አልናገርም። የማውቀው ይህን ነው፦ ድምፅን ከባዶ መሥራት ነገሮችን አንድ በአንድ እንድነካ አስገደደኝ። አንድ ቁልፍ ብቻ ትለውጣለህ፣ ትሰማለህ፣ ከዚያ ሌላውን። ይህ እናንተ መምህሮቻችን በራውንድ ላይ ያስተማራችሁን ነው። ሁሉን መድኃኒት ባንዴ የለወጠ ሐኪም የትኛው እንደሠራ አያውቅም።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን አንድ ሰው ላንሣ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ቀርቶ እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋሕዶ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀዳ። ባንድ ሙሉ የሚሠራውን አንድ ሰው በጥቂት መሣሪያ ሠራው፤ ማጥበብ ያልኩት ይህ ነው። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ግን ከመኪናው አልለየውም፤ ኤርፖርት ተራውን ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። በ2013 ካሴቱ እንደገና ሲታተም ዓለም ሰማውና ወደ መድረክ ተመለሰ። መድረክ ባይመጣስ? ያ በተራ መካከል የሚለማመደው ሰዓት የራሱ ነበረ።

አሁን እያስተማራችሁ ላላችሁ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። ተማሪያችሁ ክራር እጫወታለሁ፣ እሥላለሁ፣ ላፕቶፔ ላይ ቢት እሠራለሁ ቢላችሁ «ትምህርትህስ?» ብላችሁ አታቁሙት። «እስኪ አሰማን» በሉት። ነገ ከባድ ሌሊት ሲገጥመው፣ ድምፁን ይዞ የሚቀመጥበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ለጓደኞቼ ደግሞ፦ አልጋ ሥር የገባ ጊታር፣ ቁም ሣጥን ላይ የተሰቀለ ኦርጋን ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁን ዶርም ውስጥ ሰምቻችኋለሁና አትካዱ። ሙሉ ዘፈን አትጀምሩ። አቧራውን ጠርጉና ለ20 ደቂቃ አንድ ድምፅ ብቻ አውጡ። ማክሰኞ ጥሩ ቀን ነው።