ተናጋሪው መዝገበ ቃላትና የእናት ቋንቋ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በልጆች ንባብ ኮሚቴ ስም የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ «ለልጆቹ የሚገዛው የሚናገር መዝገበ ቃላት ምን ያደርጋል? ስልካችን አይበቃም ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ፣ ሰዓት ስላጠረን በይደር ቆይቶ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡ የእናንተ መዋጮና የለጋሾች እርዳታ ስለሆነ እያንዳንዱ ዶላር የት እንደሚውል መጠየቅ አለበት። የኮሚቴያችን አባላት ተመካክረን የደረስንበትን እነሆ እናቀርባለን።

እዚህ ከተቀመጥነው ብዙዎቻችን ማንበብ የተማርነው በፊደል ገበታ ነው። ሀ ሁ እያልን፣ በስንደዶ እየጠቆምን። የሀ፣ የሐና የኀ ጣጣ እንዳለ ሆኖ፣ «በ» የትም ቦታ ብትገባ «በ» ናት፤ ፊደሉን የለየ ልጅ ትርጉሙን የማያውቀውን ቃል እንኳ አንብቦ ይወጣዋል። ልጆቻችን እዚህ አሜሪካ የሚማሩት እንግሊዝኛ ግን እንዲህ አይደለም። በ26 ፊደላት ከአርባ የሚበልጡ ድምፆችን ይጽፋል፤ ስለዚህ አንዱ ፊደል ብዙ ድምፅ፣ አንዱ ድምፅም ብዙ አጻጻፍ አለው። «ናይፍ» ስንል የሚሰማን ኤን ነው፤ ሲጻፍ ግን የማይሰማ ኬ ይቀድመዋል። «ፎን» ውስጥ ኤፍ የለም፤ ፒ እና ኤች ናቸው። ሌሊት ማለት የሆነው «ናይት» ውስጥ ደግሞ ጂ እና ኤች ሳይጠሩ መኻል ላይ ቁጭ ብለዋል። የአገሬውም ልጅ በዚህ ይቸገራል፤ ለእኛ ልጆች ደግሞ የሚያግዝ ሰው ቤት ውስጥ ሲታጣ ችግሩ ይብሳል።

የብዙዎቻችን ማታ ይመሳሰላል። ሰኞ ከትምህርት ቤት የቃላት ዝርዝር ይመጣል፤ ዓርብ ፈተና አለ። ከሆቴል ጽዳት ወይም ከአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ደክሞን ስንገባ ልጁ «እማዬ፣ ጥሪልኝና ልጻፍ» ይላል። እንጠራለን። ግን «ሺፕ» ስንል በግ ይሁን መርከብ በእኛ አፍ አይለይም። እንግሊዞቹ አንዱን ያስረዝሙታል፣ ሌላውን ያሳጥሩታል፤ አጻጻፋቸውም የተለያየ ነው። ልጁ እኛ እንዳልነው ይጽፍና ዓርብ ቀይ ምልክት ይዞ ይመለሳል። ከጥቂት ወራት በኋላ እናት መጥራት ታቆማለች፤ ልጁም መጠየቅ ያቆማል።

አንዲት አባላችን የሦስተኛ ክፍል ልጇ ንባብ ስላስቸገረው ትምህርት ቤት ተጠርታ «ቤት ውስጥ አማርኛ ማውራት ተዉ፤ እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩ» ተብላ ነበር። ምክሩን የሰጧት ሰው ለልጁ ክፉ አስበው አይመስለንም። ግን ያስከተለውን ስሙት። ይህች እናት በአማርኛ ተረት ትናገራለች፣ ታሾፋለች፣ ስለ አያቶቹ ታወራለች፣ ለምን እንዲህ ሆነ ሲላት ታስረዳለች። በእንግሊዝኛ ግን የምትችለው «ብላ፣ ተኛ፣ ቶሎ በል፣ ጫማህን አድርግ» ነበር። ስለዚህ ልጁ ጥሩ እንግሊዝኛ አላገኘም፤ እናቱን ግን አጣ። ቤቱ ጸጥ አለ። ንባቡም አልተሻሻለም፤ ምክንያቱም ልጅ ያነበበውን የሚረዳው ብዙ ሲወራለትና ብዙ ሲጠየቅ ባዳበረው አእምሮ ነው፤ ያ በየትኛውም ቋንቋ ቢመጣ ይጠቅመዋል።

ኮሚቴያችን ለተናጋሪው መዝገበ ቃላት የቆመው በዚህ ምክንያት ነው። እንግሊዝኛውን መጥራት የመሣሪያው ሥራ ይሁን፤ እናት ደግሞ በምትችለው ቋንቋ ታውራ።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው ኩባንያ «ስፒክ ኤንድ ስፔል» የሚባለውን የልጆች መሣሪያ ያወጣው በ1978 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው። የሰው ድምፅ በአንዲት ትንሽ ቺፕ ተቀነባብሮ ይወጣል፤ መሣሪያው ቃል ይጠራል፣ ልጁ ፊደላቱን ይጫናል፣ ትክክል ወይም ስሕተት ይባላል። በ1982 የወጣውን «ኢ.ቲ.» የሚባለውን ፊልም ያያችሁ ታስታውሱት ይሆናል፤ ያ ከሰማይ የመጣው ፍጡር ወደ አገሩ መደወያ የሠራው በዚሁ መጫወቻ ነበር። በ1986 ደግሞ ፍራንክሊን የተባለው ኩባንያ «ስፔሊንግ ኤስ» የተባለውን በእጅ የሚያዝ የስፔሊንግ ማረሚያ አወጣ። ይህኛው አይናገርም ነበር፤ ግን አንድ የቆየ እንቆቅልሽ ፈታ። ልጅን «ስፔሊንጉን ካላወቅህ መዝገበ ቃላት ተመልከት» እንለዋለን፤ ስፔሊንጉን ሳያውቅ ግን ቃሉን የት ገጽ ላይ ያገኘዋል? «ናይፍ»ን በኤን ሥር ሲፈልግ ውሎ ያድራል። መሣሪያው ልጁ እንደሰማው አሳስቶ የጻፈውን ተቀብሎ በድምፅ የሚቀራረቡትን ቃላት ይዘረዝርለታል። በኋላ የወጡት የልጆች ተናጋሪ መዝገበ ቃላት ሁለቱን አንድ ላይ አደረጉ፤ ልጁ እንደመሰለው ይጽፋል፣ ዝርዝሩ ይመጣል፣ ቁልፍ ሲጫን ቃሉ ይነገረዋል፣ ትርጉሙም በቀላል እንግሊዝኛ ይታያል።

አጠቃቀሙ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ፍሬው ያለው እዚያ ነው። ልጁ መሣሪያውን ከመንካቱ በፊት ቃሉን በወረቀት ላይ በራሱ ግምት ይጻፍ። ከዚያ ያንኑ ግምቱን መሣሪያው ውስጥ ያስገባ፣ ይስማ፣ ትክክለኛውን ይመልከት፣ ከራሱ ጋር ያስተያይ፤ የተሳሳተው የትኛው ፊደል ላይ እንደሆነ በጣቱ ያሳይ። ቀጥሎ ስክሪኑን ይሸፍንና ከራሱ ይጻፈው። ግምቱን ሳይጽፍ በቀጥታ የሚገለብጥ ልጅ ዓርብ ቀን መሣሪያው ሲወሰድበት ባዶውን ይቀራል።

እናትስ? ዲክቴሽን ማስጻፍ ትችላለች፤ እንግሊዝኛ መጥራት አይጠበቅባትም። ቃሉን መሣሪያው ላይ ታወጣለች፣ ስክሪኑን ወደ ራሷ አዙራ የድምፁን ቁልፍ ትጫናለች፣ ልጁ ሰምቶ ይጽፋል። ከዚያ የጻፈውን ከስክሪኑ ጋር ፊደል በፊደል ታመሳክራለች። ፊደላቱ በመልክ መመሳሰላቸውን ማየት ብቻ ይበቃል። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ሁለት እናቶቻችን በቅዳሜው ፕሮግራም ይህን ሲሠሩ አይተናል፤ አንዷ ከልጇ በፊት ስሕተቱን ለይታ «ይቺ ጅራት ያላት የት ሄደች?» ስትለው እኛም ልጆቹም ሳቅን። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጨመር፤ «ቃሉ በአማርኛ ምን ማለት ነው?» ልጁ ያስረዳታል። ካልቻለ ደግሞ እሷ ታግዘዋለች፤ እዚህ ላይ አዋቂዋ እሷ ናት።

መሣሪያው የማይችለውንም እንናገር። «ራይት» የሚለው ድምፅ ቀኝም ትክክልም ሊሆን ይችላል፤ በማይሰማ ደብልዩ ሲጀመር ደግሞ መጻፍ ነው። መሣሪያው ሁለቱንም ይጠራል እንጂ ልጁ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የትኛውን እንደፈለገ አያውቅም። የልጆች ሞዴሎች የቃላት ብዛትም የተወሰነ ነው፤ ከፍ ያለ ክፍል ያለውን ልጅ አይመጥኑም። አሮጌዎቹ ደግሞ ድምፃቸው በአፍንጫ የሚናገር ሰው ስለሚመስል የ«ሺፕ»ን ዓይነት ልዩነት በደንብ አያሰሙም። ያገለገለ ዕቃ የምትለግሱን ወዳጆቻችን ድምፁን አስቀድማችሁ ብትሞክሩልን፣ የጆሮ ማዳመጫ ማስገቢያ ያለውንም ብትመርጡልን እናመሰግናለን፤ በአንድ ክፍል ሦስት ልጅ የሚያጠናበት ቤት ብዙ ነው።

ወደ ስልኩ እንመለስ። ስልክ ላይ የሚናገሩ ነጻ መዝገበ ቃላት አሉ፤ ጥሩ ናቸው፤ አጠገቡ ቁጭ የሚል ትልቅ ሰው ላለው ልጅ ስልኩ ይበቃል ብለን እናምናለን። ለዚህ ቤት መሣሪያ አንሰጥም። እናቱ የማታ ፈረቃ የምትሠራ ልጅ ግን ስልክ ይዞ ለቃል ፍለጋ ገብቶ በቪዲዮ ይወጣል። ይህ መሣሪያ ኢንተርኔት የለውም፤ ከቃል በቀር የሚያሳየው ብዙ ነገር የለም። ጥቅሙ ይኸው ድህነቱ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድትሰሙን የምንፈልገው። ሁሉም የንባብ ችግር የቋንቋ ችግር አይደለም። አማርኛውን አቀላጥፎ እየተናገረ፣ የሰማውን ሁሉ እያስታወሰ፣ ፊደል ሲያይ ግን የሚጠፋበት ልጅ አለ። ሰነፍ ይባላል፤ ይቆጡታል። ዲስሌክሲያ ሊሆን ይችላል። የመማር ችግርና የአካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች በ1975 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ ዛሬ አይዲኢኤ የሚባለው፣ ለእናት መብት ይሰጣታል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጇን በነጻ እንዲመረምርላት መጠየቅ ትችላለች። ጥያቄውን በጽሑፍ ያድርጉት፤ ቀን ይጻፉበት፤ ቅጂ ያስቀሩ። በስብሰባው ላይ የሚባለውን እንድትረዳ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ ልጇ ሊያስተረጉምላት አይገባም። እንግሊዝኛ ባለመቻሉ ብቻ ልጅን ችግር አለበት ብሎ መፈረጅ ሕጉ ይከለክላል። ችግሩ ተረጋግጦ አይ.ኢ.ፒ. የሚባለው የግል የትምህርት ዕቅድ ሲወጣ ደግሞ ቡድኑ ለልጁ አጋዥ መሣሪያ ያስፈልገው እንደሆነ የማየት ግዴታ አለበት። ያስፈልገዋል ከተባለ ትምህርት ቤቱ ያቀርባል፤ ለትምህርቱ ቤት ውስጥም እንደሚያስፈልገው ቡድኑ ከወሰነ ቤት ይዞት ይሄዳል። ለምነን የምናገኘው አይደለም። እንዲህ ያለ ልጅ ያላት አባል ከኮሚቴያችን ጋር ትነጋገር፤ ደብዳቤውን አብረን እንጽፋለን፣ ከፈለገችም ስብሰባው ላይ አብረናት እንቀመጣለን። በለጋሾች ገንዘብ የሚገዛው መሣሪያ በዚህ መንገድ ለማያገኙት ልጆች ይቀመጣል።

ለአማርኛው ተመሳሳይ የልጆች መሣሪያ አልገዛንም። ፊደላችን ቀላል ነው ብንልም አንድ ነገር ይደብቃል፤ መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ኖረ ማለት ነው። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ ዋነኛ። እዚህ የተወለደ ልጅ ይህን ከገጹ ላይ ሊያገኘው አይችልም፤ ከአፍ መስማት አለበት። ስለዚህ የቅዳሜው አማርኛ ክፍል በየሳምንቱ የሚያጠናቸውን ቃላት እናቶች በየተራ በስልካቸው እየቀዱ እንዲልኩ ጠይቀናል። ቃሉን፣ ከዚያም ቃሉ የገባበትን አንድ ዓረፍተ ነገር። የጎንደሯም የወሎዋም የሸዋዋም አነጋገር ይግባ፤ ልጆቹ ሁሉንም ይልመዱ።

አሁን በእጃችን ስድስት መሣሪያዎች አሉ። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ለአራት አራት ሳምንት እናውሳለን፤ ቅድሚያ የምንሰጠው ማታ ለሚሠሩ እናቶች ልጆች ነው። የምትወስድ እናት አጠቃቀሙን ከልጇ ጋር ግማሽ ሰዓት ተቀምጣ ትማራለች፤ ልጅ ብቻውን መጥቶ አይወስድም። ስም የምትመዘገቡት በሻይ ሰዓት በበሩ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የባትሪ ድንጋዩን ወጪ ተበዳሪዋ ትችላለች።